ከአሥር ሰከንድ በላይ የሆነው ሞገድ

በመጨረሻው ሳምንቴ ቢሮው ሁለት ነገር ሰጠኝ፤ የግድግዳ ሰዓትና አንድ ባዶ ወረቀት። ሰዓቱ የጡረታ ስጦታ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰከንድ ስትቆጥር ለኖረች ሴት ሰዓት ይሰጣል እንዴ? ኧረ በስመ አብ! ሳቄን አፍኜ ተቀበልኩ፤ ኬኩንም ቆረስኩ። ወረቀቱ ግን ሥራ ነበር። የዚህች ሻርጃ ያለች ትንሽ የባሕር አየር ጠባይ ቢሮ ባለቤት፣ አለቃዬ አቡ ሰይፍ፣ "የሺ፣ ከእንግዲህ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይሠራዋል። አንቺ እንዴት ትሠሪው እንደነበር ግን በአንድ ገጽ ጽፈሽልን ሂጂ" አለኝ።

አንድ ገጽ ምን ችግር አለው ብዬ እስክሪብቶ አነሳሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ከመጀመሪያው መስመር አላለፍኩም። ለምን እንዳላለፍኩ ለማስረዳት ከመምጣቴ መነሳት አለብኝ።

የደሴ ልጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ በሒሳብ የሚደርስብኝ አልነበረም፤ ሒሳቡ ግን እንጀራ አልሆነኝም። ባሌ ሲሞት ሁለት ሴት ልጆቼን እህቴ ዘንድ ትቼ በኤጀንሲ አጅማን መጣሁ፤ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር። የገባሁበት ቤት እመቤት፣ ማዳም፣ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ቁጡ ነበረች እንጂ። የተኮስኩትን ሸሚዝ እያንዳንዱን ገልብጣ ታየዋለች። ደመወዜን ግን አንድም ወር አዘግይታብኝ አታውቅም፤ ስታመም ራሷ ሐኪም ቤት ወስዳኛለች። በዚያ ቤት ሦስት ዓመት ስኖር ባሕሩን የማየው ልብስ ሳሰጣ በሰገነቱ በኩል ብቻ ነበር። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ባሕር አልወድም ነበር። ያን ያህል ውሃ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ማየት ያስፈራኛል።

አቡ ሰይፍ የማዳም ባል ነው። ዓርብ ቢሮው ዝግ ስለሆነ ማዳም በዚያ ቀን ሄጄ እንዳጸዳ ሻርጃ ትልከኝ ጀመር። ዝግ ነው ያለችኝ ቢሮ ግን ዝግ አልነበረም። አንድ ፀጉሩ የነጣ የኬራላ ህንዳዊ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ በእርሳስ ነጥብ ያስቀምጣል። ስሙ ሚስተር ኩሪያን ነው። "ዓርብም ሹግል አለ?" ብዬ ሥራ መኖሩን በአረብኛ ጠየቅኩት። "ሞገድ ዓርብን አያውቅም" አለኝና ነጥቡን ቀጠለ።

ሦስት ዓርብ ዝም ብዬ ወለወልኩ። በአራተኛው አላስቻለኝም። ነጥቦቹ ከላይ ከግራ ተነስተው ወደ ታች ወደ ቀኝ የሚወርድ መስመር ሠርተዋል። "ይሄ ምንድን ነው ሰር?" ብዬ ጠየቅኩ። ካርታ ላይ ምንም የሌለበት የሕንድ ውቅያኖስ መሐል በጣቱ ነካና "እዚህ ጋ አውሎ ነፋስ አለ" አለኝ። "ማን ነገረዎት?" ስለው "እነዚህ" ብሎ ነጥቦቹን አሳየኝ።

ከዚያ አስረዳኝ። አውሎ ነፋስ ባሕሩን ሲመታ ብዙ ዓይነት ሞገድ በአንድ ጊዜ ይለቃል። የአንዱ ሞገድ ጫፍ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ ጫፍ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ በሰከንድ እንቆጥራለን። ሰከንዱ የረዘመው ሞገድ ፈጣን ነው፤ ሰከንዱ ያጠረው ዘገምተኛ ነው። "አብረው ይነሳሉ፤ አብረው ግን አይደርሱም" አለኝ።

"እንደ ገበያተኛ ነዋ!" አልኩ ሳላስበው።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ከአንድ መንደር ለሰኞ ገበያ አብረው የሚነሱ ሰዎች ደሴ አብረው አይገቡም። እግረ ፈጣኑ ቀድሞ ይደርሳል፣ አሮጊቶቹ ኋላ ይመጣሉ። መንደሩ ቅርብ ከሆነ ልዩነታቸው ትንሽ ነው። ሩቅ ከሆነ ግን ፈጣኑ ሸጦ ሲመለስ አሮጊቷ ገና ትገባለች። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስንት ሰዓት ላይ እንደገቡ ያየ ሰው መንደሩ ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቃል።"

ሚስተር ኩሪያን እርሳሱን አስቀመጠ። ፊቴን አየ፤ ከዚያ በእጄ የያዝኩትን መወልወያ አየ። "ይህን ማን ሰጠሽ?" አለኝ። "ማዳም" አልኩ። "መልሺላት" አለኝ።

ረዳቱ አድርጎ ሊወስደኝ መሆኑን ስትሰማ ማዳም ሦስት ቀን አኮረፈች። በአራተኛው ቀን "ሸሚዙን ማን ሊተኩስልኝ ነው?" እያለች የቪዛዬን ወረቀት ፈረመች፤ ከዚያ ወደ ቁም ሳጥኗ ሄዳ ጥቁር ጫማ አውጥታ ሰጠችኝ። "ቢሮ በነጠላ ጫማ አይኬድም" አለችኝ። እግዜር ይስጣት፤ ያን ቀን ያንን ፊርማ ብትከለክለኝ ማንም የሚጠይቃት አልነበረም። ሻርጃ ሮላ አካባቢ ከአምስት ሀበሾች ጋር ቤድ ስፔስ፣ ማለትም የአንድ አልጋ ቦታ፣ ተከራይቼ ሰኞ ጠዋት በማዳም ጫማ ሥራ ገባሁ።

ሥራው ይኸው ነው። ባሕር ላይ በሰንሰለት ከወለሉ ጋር የታሰሩ ሁለት ትልልቅ ቢጫ መሣሪያዎች ነበሩን፤ እኛ "ኳስ" ነበር የምንላቸው። ኳሱ ከሞገዱ ጋር ይነሳል፣ ይወርዳል። ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ በስንት ሰከንድ እንደተነሳ፣ ሞገዱ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ በየግማሽ ሰዓቱ ይልክልናል። አንደኛው አጅማን ፊት ለፊት፣ በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ነው፤ "የውስጡ" እንለዋለን። ሁለተኛው ከተራሮቹ ወዲያ ማዶ፣ በኮርፋካን በኩል፣ ለሕንድ ውቅያኖስ በተከፈተው ባሕር ላይ ነው፤ እሱ "የውጭው" ነው።

ሁለቱ ባሕሮች ጎረቤት ቢሆኑም ጠባያቸው ለየቅል ነው። የውስጡ ባሕር እንደ ጓዳ የተዘጋ ስለሆነ ሞገዱ አጭር ነው፤ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ሰከንድ። ሸማል የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ከላይ ከኩዌት በኩል ሲነሳ ሞገዱ ከነፋሱ ቀድሞ አጅማን ይደርሳል። አየሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ኳሱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ያኔ ለዓሣ አጥማጆቹ ስልክ እንመታለን። የውጭው ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ አሥራ አራት፣ አሥራ ስድስት ሰከንድ የሚፈጅ፣ ከፍታው ከጉልበት የማያልፍ፣ ዓይን የማያየው ሞገድ ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር መጥቶ በዝምታ ያልፋል። ሳተላይት ደመናውን ያሳያል። ከደመናው ሥር ነፋሱ ባሕሩን እንዴት እየመታው እንደሆነ የሚናገረው ግን ያ ዝምተኛ ሞገድ ነው።

ሚስተር ኩሪያን ይህን ሁሉ ያስተማረኝ በልማዱ ነው። አጅማን ባሕር ዳር ወስዶኝ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሰዓቱን ይዞ አሥራ አንድ የሞገድ ጫፍ ይቆጥራል፤ ለአሥር ያካፍላል። "መሣሪያ እያለ ለምን እርጥብ እንሆናለን?" ስለው "መሣሪያው ሲዋሽ በምን ታውቂያለሽ?" ይለኛል። ልጆች ይስቁብናል፤ እኔም እስቅበታለሁ፤ እሱ ይቆጥራል።

ሌላው ልማዱ ላጲስ አለመንካቱ ነው። የተሳሳተ ቁጥር ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ያሰምርበታል፤ ቁጥሩ ግን ከሥሩ ይነበባል። "ስህተት ነው ያልሽው ነገር ነገ እውነት ሊሆን ይችላል። ሰርዢ እንጂ አታጥፊ" ይል ነበር። ለመርከበኛ ስልክ ሲደውልም "ገባኝ" የሚል መልስ አይቀበልም። "የገባህን መልሰህ ንገረኝ" ይላል። ሰውየው በራሱ አፍ ካልደገመው ስልኩን አይዘጋም።

አንድ ጊዜ የባሕር ቧንቧ የጫነ ጀልባ ጎታች ከኮርፋካን ሊወጣ ሲል እኔ ነኝ መስመሩን ያየሁት። መነሻውን ሠርቼ ርቀቱን ስነግረው ሚስተር ኩሪያን እንደገና ራሱ ሠርቶ ያንኑ አገኘ። ደውለን አስቀረነው። ከሦስት ቀን በኋላ አውሎ ነፋሱ በቴሌቪዥን ሲታይ ያ ጀልባ ወደብ ውስጥ ታስሮ ነበር። ሚስተር ኩሪያን ምሳውን ይዞ የሚመጣበትን የብረት ሣህን ከፍቶ ግማሹን ለእኔ አቀረበልኝ። እኔ የደሴዋ፣ ባሕር የምትፈራዋ፣ ያን ቀን ሩዙን በኩራት ጎረስኩት።

ናኹዳ ኢሴን ያወቅሁት በዚያ ዘመን ነው። ናኹዳ ማለት የእንጨት መርከብ አለቃ ነው። ኢሴ የበርበራ ሶማሌ ነው፤ ያደገው ግን ድሬዳዋ ነው፤ ከዱባይ ክሪክ፣ የእንጨት መርከቦች ከሚታሰሩበት ወሽመጥ፣ ጎማና ሩዝ ጭኖ በርበራ ያመላልሳል። በመጀመሪያው ቀን በአማርኛ "እርስዎ" ብዬ ሳናግረው "አቦ፣ ድሬ ውስጥ እርስዎ የሚባል ሰው የለም፣ አንተ በይኝ!" ብሎ ቢሮውን በሳቅ ሞላው። ከዚያ ወዲህ ሳይደውልልኝ ተነስቶ አያውቅም።

አሁን ወደዚያ ጥቅምት ልምጣ። ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

ሚስተር ኩሪያን ልጁን ሊድር ኬራላ ሄዷል። የውጭው ኳስ ለጥገና ወጥቶ ሊመለስ ነው፤ ሲመለስ ደግሞ መመሪያው እንደ አዲስ መሞላት አለበት። የትኛውን ቁጥር ይቀበል፣ የትኛውን እንደ ስህተት ይጣል፣ ዝርዝሩ ረጅም ነው። ሚስተር ኩሪያን ሁልጊዜ አንድ በአንድ በእጁ ነበር የሚሞላው። እኔ ቸኮልኩ። የአጅማኑን ኳስ መመሪያ እንዳለ ገልብጬ ለኮርፋካኑ ሰጠሁት። በዚያ መመሪያ ውስጥ "ከአሥር ሰከንድ በላይ የሆነውን ሞገድ ጣል" የሚል አንድ መስመር አለ። ለአጅማን ትክክል ነው፤ በተዘጋው ባሕር ያን ያህል ረጅም ሞገድ የለም፤ ቢታይ እንኳን ሰንሰለቱ ሲጎተት የሚፈጥረው ውሸት ነው። ለኮርፋካን ግን ዓይን አውጥቶ እንደመጣል ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኢሴ ከኮርፋካን ደወለ። "የሺዬ፣ ውሃ ሞልቼ ልነሳ ነው። ባሕሩ ምን ይላል?"

በምሥራቅ በኩል ደመና እንዳለ እናውቅ ነበር፤ ገና ስም እንኳን አልወጣለትም። ኳሱን አየሁ። "ተኝቷል ናኹዳ። ግማሽ ሜትር፣ አምስት ሰከንድ" አልኩት።

"አቦ፣ መርከቧ ግን ቀስ ብላ ትነሳለች፣ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ገመዱ ይወጠርና ይረግባል። ነፋስ ደግሞ የለም። ይሄ ነገር ከሩቅ ነው።"

"የነዳጅ መርከቦቹ ናቸው። እዚያ ሲያልፉ የሚያስነሱት ነው።"

"የመርከብ ሞገድ መጥቶ ይሄዳል የሺዬ። ይሄ ከጠዋት ጀምሮ አለ።"

"ኳሱ ካለህበት ቅርብ ነው። ቢኖር ኖሮ ያየው ነበር። ዋላሂ ምንም የለም!"

እኔ ክርስቲያኗ ዋላሂ ብዬ ማልኩለት። እዚህ አገር ብዙ ከኖርን አፋችን ለምዶት የለ! ከዚያም እንደ ሚስተር ኩሪያን ልማድ "በል የገባህን መልሰህ ንገረኝ" አልኩት። "ባሕሩ ተኝቷል" አለ ኢሴ። "ያላ፣ አላህ ይጠብቀን" ብሎ ዘጋው።

በሦስተኛው ቀን የመርከቡ ባለቤት እያለቀሰ ቢሮ መጣ። ማሲራ ከምትባለው የኦማን ደሴት አጠገብ አውሎ ነፋሱ መርከቧን ሰብሯታል። አንድ ዕቃ ጫኝ መርከብ ደርሶ አሥራ አንድ ሰው ከውሃ አውጥቷል። አሥራ ሁለተኛው፣ የሞተር ሠራተኛው ጀማ፣ ሞተሩን ሊያድን ወደ ታች ወርዶ አልተመለሰም። ጀማ የኢሴ እህት የሳህራ ባል ነበር።

ሚስተር ኩሪያን ከኬራላ ደወለ። ከኋላው የሠርግ ዘፈን ይሰማል። ጠየቀኝ፤ ኳሱ ያለውን ነገርኩት። "የተጣሉትን ቁጥሮች ክፈቺ" አለኝ። ከፈትኩ። አምላኬ! እዚያ ነበር። ከአሥራ ስድስት ሰከንድ ተነስቶ ቀስ እያለ የሚወርድ፣ አንዲት ነጥብ እንኳን ያልተዛነፈችበት መስመር። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የጠራ መስመር አላየሁም። እርሳስ ይዤ ወደ ኋላ ሳብኩት፤ አውሎ ነፋሱ የነበረበትን ቦታ ልክ አገኘሁት። ኢሴ ሲደውልልኝ መልሱ ሙሉ ቀን እዚያ የተጣሉት ቁጥሮች ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

አቡ ሰይፍ በሩን ዘጋ። "ስሚ የሺ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስምሽ ከገባ ፖሊስ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ፣ ቪዛሽ አለ። ኸላስ፣ በቃ፣ ኳሱ ተበላሽቶ ነበር።" በመዝገቡ ላይ በራሱ እጅ "የመሣሪያ ብልሽት" ብሎ ጻፈ። ሊያተርፈኝ ነው፤ ይህን አልክድም። ትንሿ ልጄ በዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነበር። ዝም አልኩ።

ሚስተር ኩሪያን ተመልሶ መዝገቡን አነበበ። "የመሣሪያ ብልሽት" በሚለው ላይ ያችን ቀጭን መስመሩን አሰመረና ከሥሩ አንድ ባዶ ቦታ ተወ። እርሳሱን ዘረጋልኝ። "እኔ አልጽፈውም፤ የእኔ እጅ አይደለም" አለኝ። አልተቀበልኩትም። አልተቆጣኝም፤ እርሳሱን በገጹ መሐል አድርጎ መዝገቡን ዘጋው።

ኢሴ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ምነው በጮኸ። "የሺዬ፣ መሣሪያው ተበላሽቶ ነበር አሉኝ። አንቺ ምን ታደርጊ" አለኝ። "እኔ ግን በእግሬ ሰምቼው ነበር። እያወቅኩ ሄድኩ። ጀማን የገደልኩት እኔ ነኝ።"

እኔ ምን አልኩ? "ሻይ ላምጣልህ?" አልኩት። እግዜር ያሳያችሁ፤ ሻይ!

ኢሴ ዳግመኛ መርከብ አልነዳም። ዱባይ ክሪክ ላይ ጭነት አስጫኝ ሆነ። ሳህራ "ያ ሰውዬ ደጄን እንዳይረግጥ" ብላ ላከችበት፤ ስሙን እንኳን አትጠራም። እሱም የሚገባኝ ነው ብሎ ተቀበለ። በርበራን ዘጠኝ ዓመት አላየም። እናቱ ስትሞት እንኳን አልሄደም፤ ለቅሶ የደረስኩት እኔ ነኝ፣ ዱባይ ናይፍ ሰፈር ውስጥ ከሰባት ሰው ጋር በሚኖርባት ክፍል። ዓርብ ዓርብ ክሪክ ሄጄ ስጠይቀው ከጭነቱ ሎሚ በፌስታል ቋጥሮ ይሰጠኛል። በየዓርቡ ዛሬስ እነግረዋለሁ ብዬ እሄዳለሁ፤ በየዓርቡ ሎሚ ይዤ እመለሳለሁ።

ሥራዬን ግን ከዚያ ወዲህ ነው በእውነት የሠራሁት ብል አልዋሽም። በየጠዋቱ መጀመሪያ የምከፍተው የተጣሉትን ቁጥሮች ሆነ። መርከበኛ "መርከቤ ትነሳለች" ካለኝ ኳሱ ምንም ይበል ምን መጀመሪያ እሱን አምናለሁ። አንድ ዓመት ክሪክ ላይ የነበሩ ስምንት መርከቦችን አስቀርቼ አውሎ ነፋሱ ባዶ ባሕር መትቶ አለፈ። ናኹዳዎቹ ሲያጉረመርሙ "ሴትዮዋ አለ ካለች አለ!" እያለ የሚከራከርልኝ ማን እንደነበር ገምቱ። ኢሴ ነው።

ሚስተር ኩሪያን ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገባ። በየቅዳሜው ይደውልልኛል። ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ልጅ ልጆቹ፣ ስለ ሞገዱ ያወራኝና በመጨረሻ "ነገርሽው?" ይለኛል። "አልነገርኩትም ሰር።" "እሺ፣ መልካም ቅዳሜ" ብሎ ይዘጋል። አንድ ቀን እንኳን ሳይጠይቀኝ ቀርቶ አያውቅም፤ አንድ ቀን እንኳን ሰድቦኝ አያውቅም። በሕይወቴ ከተሰጡኝ ሰዎች ሁሉ እሱን ለሰጠኝ አምላክ የማመሰግንበት ቃል የለኝም።

እንግዲህ ወደዚያ ወረቀት ተመለስኩ። የመጀመሪያው መስመር "የውስጡን ኳስ መመሪያ ለውጭው ኳስ በፍጹም አትስጡ" ይላል። ሁለተኛው መስመር "ምክንያቱም" ብሎ ይጀምርና እዚያው ይቆማል። በሦስተኛው ቀን አዲሱን ኮምፒዩተር ልፈትሽ ገባሁ። ለሁለቱም ኳሶች አንድ መመሪያ ነው የተሞላለት፤ ከአሥር ሰከንድ በላይ የሆነውን ጣል! ማሽኑን የሚተክለውን መሐንዲስ ጠርቼ አሳየሁት። ጨዋ ሰው ነው። "እሜቴ፣ ከሻጩ እንዲሁ ነው የመጣው። ለመቀየር ምክንያት መጻፍ አለብኝ። ከዚህ በፊት በዚህ የተነሳ የደረሰ ሙሽኪላ ወይም አደጋ መዝገብ ላይ አለ?" አለኝ።

የለም። መዝገብ ላይ ያለው የተሰረዘ ውሸትና ባዶ ቦታ ነው።

እኔ ሄጄ ደሴ ቁጭ ስል ይሄ ማሽን በእኔው ስህተት የሌላ ሰው ባል ሊያሰምጥ ነው። መዝገቡን ከመደርደሪያው አወረድኩ። እርሳሱ እዚያው ገጹ መሐል ነበር። በባዶው ቦታ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ "ኳሱ ደህና ነበር። የአጅማኑን መመሪያ ለኮርፋካኑ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ናኹዳው ነግሮኝ ነበር፤ አላመንኩትም። የሺ።" አቡ ሰይፍ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። አርጅቷል፤ ማንበብ ጊዜ ይወስድበታል። መሐንዲሱን "ቀይረው" አለው። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ "ለእሱስ?" አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ክሪክ ወረድኩ። ኢሴ ማቀዝቀዣ እያስጫነ ነበር። ጥላ ያለበት ቦታ ጆንያ ላይ አስቀመጥኩትና ሁሉንም ነገርኩት፤ መገልበጤን፣ የተጣሉትን ቁጥሮች፣ መስመሩን፣ የአቡ ሰይፍን ጽሑፍ፣ ዝምታዬን። መስመሩን የሠራሁበትን ወረቀት ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። የባሕር ሰው ነውና ማንበብ አላስቸገረውም። ጣቱን አሥራ ስድስቱ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሳበው።

"ይሄን ነው በእግሬ የሰማሁት" አለ።

"አዎ።"

"እውነቴን ነበር።"

"እውነትህን ነበር ናኹዳ።"

ከዚያ ተነሳ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም፤ ተሸካሚዎቹ ሥራ አቆሙ። "ስህተት የሰው ነው! ስህተቱን በዚያው ሳምንት ይቅር ባልኩሽ ነበር! ዘጠኝ ዓመት ግን? ዘጠኝ ዓመት ሎሚ አበላሁሽ እኮ! እናቴን ያልቀበርኩ ሰው ነኝ፣ አንቺ ደግሞ እያወቅሽ መጥተሽ ለቅሶ ተቀመጥሽ!" "አዎ" ብቻ አልኩ። አለቀስኩ፤ ግን እንዲያዝንልኝ አልነበረም፤ እሱም አላዘነልኝም።

ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ውሃው ዞረ። የመንገደኛ ጀልባዎች ወዲያና ወዲህ ይሻገራሉ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አንድ ቁጥር በቃሉ መታና ሳያየኝ ዘረጋልኝ። "ለእኔ የነገርሽኝን ለሳህራ ንገሪያት" አለኝ።

አንዲት ሴት አነሳች። በሶማሊኛ ሰላም አለች፤ አማርኛዬን ስትሰማ ወደ አማርኛ ዞረች፤ የድሬ አማርኛ። "ማን ልበል?"

"የሺ እባላለሁ። ሻርጃ የሞገድ መሣሪያ የምትጠብቀው ሴት እኔ ነበርኩ" አልኩና ነገርኳት። እንዳልሸሽ በቶሎ ሳይሆን ቀስ ብዬ ነው የነገርኳት። አላቋረጠችኝም።

"ያ ሰውዬ" አለች ስጨርስ፣ "አንቺን የጠየቀሽ ዝም ብሎ ነው ወይስ ጠርጥሮ?"

"ነግሮኝ ነበር። ከሩቅ የመጣ ነገር አለ አለኝ። ሁለት ጊዜ ነገረኝ። የለም ብዬ የማልኩለት እኔ ነኝ። በእኔ መሐላ ነው የሄደው።"

ኢሴ ወረቀቱን በእጁ እንደያዘ ጀርባውን እንደሰጠኝ ነው።

"ለአንቺ የምለው ነገር ይኖረኛል" አለችኝ ሳህራ። "ዛሬ ግን አይደለም። አሁን ስልኩን ለወንድሜ ስጪልኝ።"

ሰጠሁት።